የሴቶች ዲስከስ ውርወራ በዓለም ሻምፒዮናና በኦሊምፒክ፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ የሴቶች ዲስከስ ውርወራን በተመለከተ አባላት ያላችሁን ጥያቄ እንድመልስ ስለተጠየቅሁ ጀምሬአለሁ። በውርወራ አሠልጣኝነትና በሜዳ ዳኝነት ብዙ ዓመት ስለቆየሁ፣ ወርዋሪዋ ስለምትቆምበት ክበብ፣ ስለ ዲስከሱ በረራና ስለ ነፋስ የምትጠይቁኝን በሰፊው እመልሳለሁ። ስለ አትሌቶች የግል ሕይወትና ስለ ገቢያቸው ግን ባትጠይቁኝ ይሻላል። ሁለት ነገር አስቀድሜ ላሳስብ። አንደኛ፣ ርቀት ስትጠቅሱ የትና መቼ እንደተወረወረ አብራችሁ ጻፉ፤ ቦታና ጊዜ የሌለው ርቀት ለንጽጽር አይበቃም። ሁለተኛ፣ መከላከያ መረብ በሌለበት ማንም ዲስከስ አይወርውር፣ ዲስከሱ በሚያርፍበት ክልል፣ ማለትም በሴክተሩ ውስጥም ማንም አይቁም። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የእሁድ ተመልካች፦ ጤና ይስጥልኝ አሠልጣኝ። ስለ ዲስከስ ቢያብራሩልን?

መላሽ፦ አብሮ ይስጥልን። ስለ ዲስከስ ምኑን? ስለ ሕጉ፣ ስለ ስልቱ፣ ስለ ታሪኩ ወይስ ስለ ውድድሩ? ጥያቄውን ለይተው ያቅርቡልኝ።

የእሁድ ተመልካች፦ እሺ፣ ክብደቱና የክበቡ ስፋት ስንት ነው?

መላሽ፦ የሴቶች ዲስከስ 1 ኪሎ ግራም ይመዝናል፣ ዲያሜትሩም ከ180 እስከ 182 ሚሊ ሜትር ነው። የወንዶቹ 2 ኪሎ ግራምና ከ219 እስከ 221 ሚሊ ሜትር ነው። ክበቡ ለሁለቱም 2.50 ሜትር ዲያሜትር አለው። ሴክተሩ 34.92 ዲግሪ ይከፈታል። ይህ ቁጥር የማይመች ቢመስልም ለመለኪያ የተመቸ ነው፤ ከክበቡ መሐል በየትኛውም ርቀት ላይ የሁለቱ መስመሮች መራራቅ የዚያ ርቀት 60 በመቶ ይሆናል። በ20 ሜትር ላይ 12 ሜትር፣ በ70 ሜትር ላይ 42 ሜትር ማለት ነው። ቀድሞ 40 ዲግሪ ነበር፣ ለደኅንነት ሲባል ጠበበ።

ነጭ መስመር፦ የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን 76.80 ሜትር፣ የወንዶቹ ደግሞ 75.56 ሜትር መሆኑን አንብቤ ተገረምኩ። ሴቶች ከወንዶች አርቀው የሚወረውሩበት ብቸኛ የውርወራ ዓይነት የሆነው በምን ምክንያት ነው? ለምንስ ነው የሴቶቹ ክብረ ወሰን ይህን ያህል ዘመን ያልተሰበረው?

መላሽ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው። የሴቶቹ ዲስከስ በክብደት የወንዶቹ እኩሌታ ስለሆነ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማበላለጥ ትርጉም አይሰጥም። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል።

76.80 ሜትርን የወረወረችው የምሥራቅ ጀርመኗ ጋብሪዬለ ራይንሽ ናት፤ ጁላይ 9 ቀን 1988 በኖይብራንደንቡርግ። የወንዶቹ የቀድሞ ክብረ ወሰን 74.08 ሜትርም በዚያው ከተማ፣ በሌላው ምሥራቅ ጀርመናዊ በዩርገን ሹልት፣ በ1986 የተመዘገበ ሲሆን እስከ ኤፕሪል 2024 ሳይነካ ቆይቷል። ያን ጊዜ የሊቱዌኒያው ሚኮላስ አሌክና በአሜሪካ ኦክላሆማ ራሞና በተባለች ቦታ 74.35 ሜትር ወረወረ፣ በዓመቱም እዚያው 75.56 አደረሰው። በሴቶች በኩል በዚህ ክፍለ ዘመን ወደ 76.80 የቀረቡት የኩባዋ ያይሜ ፔሬዝ በ73.09 ሜትር በ2024፣ ቀጥሎም አሜሪካዊቷ ቫላሪ ኦልማን በ73.52 ሜትር በ2025 ናቸው። ሁለቱም ውርወራዎች በዚያችው በራሞና ሜዳ የተመዘገቡ መሆናቸውን ልብ በሉ፤ ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ።

የ1980ዎቹ ርቀቶች እንደዚያ የራቁበትን ምክንያት ሳልሸሽግ ልናገር። ጀርመን ከተዋሐደች በኋላ ይፋ የወጡ ሰነዶች እንዳሳዩት የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት አትሌቶችን በሆርሞን መድኃኒት የሚያጠናክር ሥርዓት ዘርግቶ ነበር፤ ከአትሌቶቹ መካከል ለአካለ መጠን ያልደረሱና የሚሰጣቸውን የማያውቁ ብዙዎች ነበሩ። የወንድ ሆርሞን በሴት አካል ላይ የሚያመጣው የጡንቻ ለውጥ በወንዶች ላይ ከሚያመጣው ስለሚበልጥ፣ የዚያ ዘመን ጥላ በሴቶች ውርወራ ላይ ይበልጥ ከብዷል። አትሌቶችን ከውድድር ውጭ ባልታሰበ ቀን የመመርመሩ አሠራርም ያኔ ገና አልጠነከረም። ይህን ስል ስለ ሥርዓቱ መናገሬ ነው፣ በአንዲት አትሌት ላይ ፍርድ አልሰጥም። ክብረ ወሰኑ ዛሬም ሕጋዊ ሆኖ በመዝገብ ላይ አለ።

ሦስተኛ ሙከራ፦ እንደ እኔ እምነት እንዲህ ያለ ክብረ ወሰን መሰረዝ አለበት። የዛሬዎቹ ሴቶች ዕድሜ ልካቸውን የማይደርሱበትን ቁጥር ሲያሳድዱ መኖር የለባቸውም።

ነጭ መስመር፦ ማስረጃ ሳይቀርብ በጅምላ ይሰረዝ ማለት ግን ንጹሕ ሆኖ የተወዳደረውንም ከጥፋተኛ ጋር መቅጣት ነው። በ2017 የአውሮፓ አትሌቲክስ ማኅበር ተመሳሳይ ሐሳብ ባቀረበ ጊዜ በጣም የተቃወሙት የራሳቸው ክብረ ወሰን ሊሰረዝባቸው የነበሩ አትሌቶች ናቸው።

ሦስተኛ ሙከራ፦ እነርሱማ ሊቃወሙ ግድ ነው! የወንዶቹ የ1986 ክብረ ወሰን ሲሰበር ያየነው ደስታ ለሴቶቹ የማይገባቸው ለምንድን ነው?

አሎሎ ወዳድ፦ በዚህ ሒሳብ የ100 ሜትርና የ800 ሜትር የሴቶች ክብረ ወሰኖችም መነሣት አለባቸው። በተለይ የ100 ሜትሩ የነፋስ መለኪያ ጉዳይ…

መላሽ፦ ስለ 100 ሜትር ሌላ ቦታ ተወያዩ። የ2017ቱ ሐሳብ ከሌሎች መስፈርቶች ጋር ክብረ ወሰኑ የተመዘገበበት አትሌት ናሙና ለ10 ዓመት ተቀምጦ እንደገና ለመመርመር ዝግጁ እንዲሆን የሚጠይቅ ነበር። ናሙና በዚህ መልክ መቀመጥ የጀመረው በ2005 በመሆኑ ከዚያ በፊት የነበሩት ክብረ ወሰኖች በሙሉ ወደ ታሪክ መዝገብ ይዛወሩ ነበር። በተግባር አልዋለም። የናሙና መቀመጥ ጥቅም ምን እንደሆነ ለማየት ብዙ መሄድ አያስፈልግም፤ በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ በሴቶች ዲስከስ ሁለተኛ የወጣችው ኩባዊት ያሬሊስ ባሪዮስ የተቀመጠው ናሙናዋ እንደገና ሲመረመር የተከለከለ መድኃኒት ተገኝቶባት በ2016 ሜዳሊያዋን ተነጥቃለች። ክርክሩን እዚህ ላይ እንግታው።

የክበቡ ዳር፦ አሠልጣኝ፣ ራሞና ስላሏት ቦታ እመለስበታለሁ ብለዋል። በተከታታይ ሁለት ዓመት እዚያ የተመዘገቡት ርቀቶች በነፋስ የተገኙ ናቸው ይባላል። ነፋስ ዲስከስን ይህን ያህል ያግዘዋል? ያግዛል ከተባለስ እንዴት ሕጋዊ ይሆናል?

መላሽ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምፈልገው።

ዲስከስ ከተለቀቀ በኋላ አየሩን እየቀዘፈ የሚበር ክንፍ ነው። ከእጅ ሲለቀቅ ፊቱ ትንሽ ቀና ብሎ ስለሚሄድ ከሥሩ የሚያልፈው አየር ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህ ገፊ ኃይል የሚወሰነው በዲስከሱና በአየሩ መካከል ባለው ፍጥነት ነው። ስለዚህ ነፋሱ ከፊት ሲመጣ ፍጥነቱ ይጨምርና ዲስከሱ በአየር ላይ ብዙ ይቆያል፣ ነፋሱ ከኋላ ሲነፍስ ደግሞ ፍጥነቱ ይቀንስና ዲስከሱ ቶሎ ይወድቃል። ከሩጫ የመጣ ተመልካች የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለሯጭ ጠላት የሆነው የፊት ነፋስ ለወርዋሪ ወዳጅ ነው።

የሴቶቹ ዲስከስ ደግሞ ከወንዶቹ ይበልጥ ነፋስ ይወዳል። ልኩን ተመልከቱ፤ የገጹ ስፋት የወንዶቹ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፣ ክብደቱ ግን ግማሽ ብቻ ነው። አየሩ ለእያንዳንዱ ግራም የሚገፋው ገጽ በሴቶቹ ዲስከስ ላይ በሲሶ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። በዚህም ምክንያት አንድ ዓይነት ነፋስ ለሴቶቹ የሚጨምርላቸው ርቀት ይበዛል፣ በአለቃቀቅ ላይ የሚፈጸም ስሕተትም ዋጋው ይከብዳል። የዲስከሱ ፊት ከሚገባው በላይ ቀና ካለ ያው የሚያግዘው ነፋስ ገትሮ ያቆመውና ከ60 ሜትር ሳያልፍ ያወርደዋል።

አቅጣጫውም ወሳኝ ነው። ቀኝ እጅ ተጠቃሚ የሆነች አትሌት የምትወደው ከፊት ለፊቷ በቀኝ በኩል በሰያፍ የሚመጣውን ነፋስ ነው። ዲስከሱ በመጨረሻ ከጠቋሚ ጣቷ ተሽከርክሮ ስለሚወጣ ከላይ ሲታይ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራል፤ በበረራው ማብቂያ ላይም ግራ ጎኑ ወደ ታች ያዘነብላል። ግራው ሲያዘነብል ሆዱ ወደ ቀኝ ይዞራል። በዚያ ቅጽበት ከቀኝ የሚመጣ ነፋስ ሆዱን ያገኘዋል፣ ሊወድቅ የነበረው ዲስከስ ትንሽ ይንሳፈፋል። ለግራ እጅ ወርዋሪ ሁሉንም ገልብጣችሁ አስቡት።

አሁን ወደ ስታዲየም እንግባ። የዓለም ሻምፒዮናና የኦሊምፒክ ውድድር የሚካሄደው ዙሪያው በመቀመጫ በተከበበ፣ ብዙ ጊዜም ጣሪያ ባለው ስታዲየም ነው። ነፋሱ ግድግዳ እየመታ ይሽከረከራል፣ በክበቡ አጠገብ ያለው ባንዲራ ወደ አንድ ወገን ሲውለበለብ በሴክተሩ መጨረሻ ያለው ወደ ሌላ ወገን ይውለበለባል። ውጤቱን ራሳችሁ ፍረዱ። የዓለም ሻምፒዮና ክብረ ወሰን የምሥራቅ ጀርመኗ የማርቲና ሄልማን 71.62 ሜትር፣ ሮም፣ 1987 ነው። የኦሊምፒኩም የእርሷው 72.30 ሜትር፣ ሴኡል፣ 1988 ነው። በ1991 በቶኪዮ ቡልጋሪያዊቷ ፅቬታንካ ሂሪስቶቫ 71.02፣ በ1992 በባርሴሎና ኩባዊቷ ማሪትዛ ማርቴን 70.06 ወርውረዋል። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ታላላቅ ውድድሮች ፍጻሜ 70 ሜትርን ያለፈችው ክሮኤሺያዊቷ ሳንድራ ፔርኮቪች ብቻ ናት፤ በ2017 በለንደን፣ በ70.31 ሜትር። ኦልማን በ2025 ኤፕሪል በራሞና 73.52 ወርውራ በዚያው ዓመት ቶኪዮ ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው በ69.48 ነው። በመካከሉ ያለው 4 ሜትር አትሌቷ ደክማ የጠፋ እንዳይመስላችሁ። ያ የሜዳው ድርሻ ነው፤ እንዲያውም በእኔ ሚዛን የቶኪዮው 69.48 ከራሞናው 73.52 የከበደ ውርወራ ነው።

ሕጋዊነቱን ለጠየቁት፦ ሕጋዊ ነው። ለዲስከስ የነፋስ ገደብ የለም።

ሦስተኛ ሙከራ፦ ታዲያ እንደ ርዝመት ዝላይ በሰከንድ 2 ሜትር የሚል ገደብ ቢወጣለት ነገሩ ሁሉ አይስተካከልም ነበር?

መላሽ፦ አይስተካከልም። የርዝመት ዝላዩ መለኪያ የሚቆጥረው በቀጥተኛ መንደርደሪያ ላይ ከኋላ የሚገፋን ነፋስ ነው። በዲስከስ ግን የሚያግዘው ከፊትና ከጎን የሚመጣው ነው፣ ዲስከሱም የሚበረው ከመለኪያው ቁመት ብዙ ከፍ ብሎ ነው። በክበቡ አጠገብ የተተከለ አንድ መለኪያ በሴክተሩ መካከል በከፍታ ላይ ስላለው ነፋስ ምንም አይነግረንም። እኔ የምደግፈው ከዚህ የቀለለ ነገር ነው፤ በሻምፒዮና ስታዲየም የተመዘገበውንና በክፍት ሜዳ የተመዘገበውን በአንድ ዝርዝር ላይ ለይቶ ማሳየት።

አሎሎ ወዳድ፦ ይህ ግን በራሞና የወረወሩትን አያሳንሳቸውም? ነፋሱ ለሁሉም ነፍሷል፣ 73 ሜትር የደረሱት ግን ጥቂቶች ናቸው።

መላሽ፦ አያሳንሳቸውም። ነፋስን መጠቀም ራሱ ችሎታ ነው፤ ዲስከሱን ዝቅ አድርጎና ፊቱን አስተካክሎ መልቀቅን ይጠይቃል። የምለው ርቀቱ ከነቦታው ይነገር ነው።

የእሁድ ተመልካች፦ ይቅርታ አሠልጣኝ፣ እስከ ዛሬ ረጅሙ የሴቶች ውርወራ ስንት ሜትር ነው?

መላሽ፦ ከላይ ለ«ነጭ መስመር» የሰጠሁትን መልስ ያንብቡ።

ማለዳ፦ እኔ የማስተውለው ፍጻሜው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ዙር የሚያልቅ መሆኑን ነው። ይህ በአጋጣሚ ነው ወይስ ምክንያት አለው?

መላሽ፦ አስተውሎትሽ ትክክል ነው እኅቴ፣ ምክንያትም አለው። በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ የሩማኒያዋ ሊያ ማኖሊዩ ክርኗን ታምማ በመጀመሪያ ሙከራዋ 58.28 ሜትር ወርውራ አሸነፈች። በ2008 በቤጂንግ አሜሪካዊቷ ስቴፋኒ ብራውን ትራፍተን በመጀመሪያው ሙከራ 64.74፣ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ኦልማን በመጀመሪያው ሙከራ 68.98፣ በ2022 በዩጂን የዓለም ሻምፒዮና ቻይናዊቷ ፌንግ ቢን በመጀመሪያው ሙከራ 69.12። የፌንግ ቢንን ጉዳይ ልዩ የሚያደርገው የራሷን ምርጥ ውጤት በ3 ሜትር ገደማ ያሻሻለችው በዚያችው ውርወራ መሆኑ ነው። ማጣሪያውን በ68.36 የመራችው ኦልማን በፍጻሜው በ68.30 ሦስተኛ ወጣች። ከማጣሪያው የተገኘ ርቀት ወደ ፍጻሜው አይሻገርም፤ ይህን ብዙ ተመልካች አያውቀውም።

የመጀመሪያው ውርወራ ጥቅሙ ሌሎቹ ላይ ነው። ዲስከስ በኃይል ሲታገሉት የሚበላሽ ነገር ነው፤ ትከሻና ክንድ ሲግተረተር ዳሌው ሳይቀድም እጅ ይቀድማል፣ ያኔ ርቀቱ ይጠፋል። 69 ሜትር በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ያየች ተፎካካሪ ከልኳ በላይ መጎተት ትጀምራለች፣ ፋውሉም፣ ማለትም ሕግ ተጥሶበት የማይቆጠረው ውርወራ፣ ይበዛል።

ሆኖም ሕግ አድርጋችሁ አትያዙት። በ2016 በሪዮ ፔርኮቪች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሙከራዎች አበላሽታ በሦስተኛው 69.21 ወርውራ ወርቁን ወስዳለች። ሦስተኛውንም ብታበላሸው ኖሮ የኦሊምፒክ ሻምፒዮኗ ያለ አንድ ውጤት ከውድድሩ ትወጣ ነበር። በ2023 በቡዳፔስት ደግሞ ላውላውጋ ታውሳጋ በአምስተኛው ዙር የራሷን ምርጥ በ4 ሜትር ገደማ አሻሽላ በ69.49 የአገሯን ልጅ ኦልማንን በ26 ሴንቲ ሜትር ቀደመቻት። ከዚያ ምሽት በፊት ታውሳጋን ለወርቅ ያጨ ሰው አላየሁም።

የክበቡ ዳር፦ ለመሆኑ ፋውል የሚባለው መቼ መቼ ነው? በቴሌቪዥን ሲታይ ደህና የመሰለ ውርወራ ቀይ ባንዲራ ይነሣበታል።

መላሽ፦ አትሌቷ መዞር ከጀመረች በኋላ የብረት ጠርዙን የላይኛውን ክፍል ወይም ከክበቡ ውጭ ያለውን መሬት ከነካች በጥቅሉ ፋውል ነው። የጠርዙን የውስጥ ግድግዳ መንካት ግን አይከለከልም፤ በቴሌቪዥን ነካች ብላችሁ የምትቆጡበት አብዛኛው ይህ ነው። ዲስከሱ መጀመሪያ ያረፈው የሴክተሩን መስመር ነክቶ ወይም ከመስመሩ ውጭ ከሆነ ፋውል ነው። ዲስከሱ መሬት ሳይነካ ከክበቡ ከወጣች፣ ወይም በፊተኛው ግማሽ በኩል ከወጣች ፋውል ነው፤ መውጫው በግራና በቀኝ ከተዘረጋው ነጭ መስመር በስተኋላ ነው። በደስታ ወደ ፊት ዘልለው ወርቅ ያህል ውርወራ ያጡ አትሌቶች አሉና ዳኛው ባንዲራ ሳያነሣ አታጨብጭቡ።

መለኪያው ዲስከሱ ካረፈበት ለክበቡ ከቀረበው ምልክት ተነሥቶ እስከ ጠርዙ የውስጥ ጫፍ ድረስ ነው፤ ከሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ትርፍ ሁልጊዜ ወደ ታች ይጣላል።

ጀማሪ ወርዋሪ፦ አሠልጣኝ፣ እኔ ቁመቴም ኃይሌም ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ከቆምኩበት ስወረውርና ዞሬ ስወረውር ልዩነቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ስሕተቴ ምን ይሆን?

መላሽ፦ ሳላይሽ ስሕተትሽ ይህ ነው ማለት አልችልም፤ ነገር ግን እንዲህ ከሚሉኝ ከብዙዎቹ የማየውን ልንገርሽ።

ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ ከክበቡ በስተኋላ ነው የሚጀምረው። ቀኝ እጅ ተጠቃሚ ከሆንሽ ጀርባሽን ለሴክተሩ ሰጥተሽ ቆመሽ ክብደትሽን ሙሉ በሙሉ በግራ እግርሽ ከጣቶቹ ሥር ባለው የፊት ክፍል ላይ ሳታሳርፊ መዞር ከጀመርሽ ወደ ክበቡ መሐል ስትሄጂ ሳይሆን ወደ ጎን ስትወድቂ ትገኛለሽ። ሁለተኛው ስሕተት ቀኝ እግር መሐል ሲያርፍ ተረከዝ መርገጥ ነው። ተረከዙ መሬት ከነካ መዞሩ ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ክንድ ብቻ ይሆናል። ሦስተኛው የግራ እግር መዘግየት ነው፤ ቀኙ ካረፈ በኋላ ግራው እስኪመጣ ረጅም ጊዜ ከወሰደ ከኋላ ተጎትቶ የነበረው ዲስከስ ወደ ጎን ቀድሞ ይመጣል፣ በዳሌና በትከሻ መካከል የተጠመዘዘው ኃይልም ሳይሠራ ይፈታል።

በኦልማን ውርወራ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተመልከቺ። ቀኝ እግሯ መሐል ሲያርፍ ዲስከሱ የት ነው? ከጀርባዋ በስተኋላ፣ ክንዷ ተዘርግቶ፣ እግሯ ቀድሞ ዳሌዋ እየዞረ ዲስከሱ ገና አልመጣም። ከቁመትም ከኃይልም በላይ ርቀት የሚያመጣው ይህ መዘግየት ነው። ክብደቱ በጠርዙ ላይ የበዛ ውድ ዲስከስ ለመግዛት ገና አትቸኩዪ። እንዲህ ያለው ዲስከስ ሽክርክሩን ረጅም ጊዜ ይዞ ስለሚቆይ ሩቅ ይሄዳል፤ ሆኖም መጀመሪያ አጥብቆ የሚያሽከረክረው እጅ ይፈልጋል፣ ያለዚያ እየተወላገደ ይወድቃል።

ጀማሪ ወርዋሪ፦ እጅግ አመሰግናለሁ። በምለማመድበት ሜዳ መረብ የለም፣ ነገር ግን ሰው ስለማይበዛበት ከጓደኛዬ ጋር እየተቀባበልን እንወረውራለን። ይህ ችግር አለው?

መላሽ፦ አለው። መጀመሪያ ላይ የጻፍኩትን አላነበብሽም። 1 ኪሎ ግራም የሚመዝን የብረት ጠርዝ ያለው ዲስከስ ከእጅ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ቢያመልጥ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላም ይሄዳል፤ አምላጩን ዲስከስ ወርዋሪዋ ራሷ ወዴት እንደሄደ አታውቀውም። መረብ እስኪገኝ ድረስ ዲስከስ ሳትይዢ እግርሽን አሠልጥኚ። ጓደኛሽ በሴክተሩ ውስጥ ቆማ መቀበሏን ዛሬውኑ አቁሙ። የተወረወረ ዲስከስ ሄደው ያነሡታል፣ ወደ ክበቡም በእጅ ይመልሱታል፤ ተመልሶ አይወረወርም።

የእሁድ ተመልካች፦ የዲስከስ አትሌቶች ምን ይመገባሉ?

መላሽ፦ የምግብ ባለሙያ አይደለሁም።

አሎሎ ወዳድ፦ በኦሊምፒክ የመጀመሪያዋ የሴቶች ዲስከስ ሻምፒዮን ማን ናት? ሁለት ስም አንብቤ ግራ ገባኝ።

መላሽ፦ ፖላንዳዊቷ ሃሊና ኮኖፓትስካ ናት፣ በ1928 በአምስተርዳም፣ በ39.62 ሜትር። ሴቶች በኦሊምፒክ አትሌቲክስ እንዲወዳደሩ የተፈቀደው በዚያ ዓመት በአምስት ውድድሮች ብቻ ሲሆን ዲስከስ ከአምስቱ አንዱ ነበር። ምናልባት ያነበቡት ሁለተኛ ስም የ1932ቷ ሻምፒዮን የአሜሪካዊቷ ሊሊያን ኮፕላንድ ይሆናል። ካነሣነው አይቀር፣ በ1948 በለንደን ዲስከስንም አሎሎንም ያሸነፈችው ፈረንሳዊቷ ሚሸሊን ኦስተርማየር በሙያዋ ፒያኖ ተጫዋች ነበረች። የወርዋሪ እጅ ሻካራ ነው የሚል ካለ ይህን ይንገሩልኝ።

ማለዳ፦ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ፍጻሜ በዝናብ ምክንያት መቋረጡን አስታውሳለሁ። ዝናቡ ባይዘንብ ውጤቱ ይለወጥ ነበር ብለው ያምናሉ?

መላሽ፦ «ቢሆን ኖሮ» የሚል ጥያቄ አልወድም፤ ዝናብ ምን እንደሚያበላሽ ግን ልናገር። ኦልማን 68.98 የወረወረችው ከዝናቡ በፊት ነው። ከዚያ ክበቡ ረጠበ፣ ውድድሩም ቆመ። የክበቡ ወለል ኮንክሪት ነው። በመጠኑ ሻካራ ተደርጎ ቢሠራም ሲረጥብ በአንድ እግሯ የፊት ክፍል ላይ የምትሽከረከር አትሌት እግሯን አታምነውም፣ ስለዚህ ፍጥነቷን ትቀንሳለች። ዲስከሱም ሲረጥብ ከጣት ቀድሞ ይንሸራተታል። አትሌቶች ዲስከሱን በፎጣ ጠቅልለው እስከ ክበቡ አፍ ሲወስዱ፣ የጫማቸውን ሥር ሲያብሱ ያያችሁት ለዚህ ነው። በእጅ ላይ ማግኒዥየም መቀባት ይፈቀዳል፤ ጓንት ማድረግ ወይም ሁለት ጣቶችን አንድ ላይ በፕላስተር ማሰር ግን አይፈቀድም። ከዝናቡ በኋላ የቀጠሉት ሁሉ በእኩል ችግር ውስጥ ነበሩ፤ ሁለተኛዋ ክሪስቲን ፑደንዝ 66.86 ነው የደረሰችው። ደጋግሜ እንዳልኩት ርቀቱን ከሜዳው ነጥላችሁ አታንብቡት።

ነጭ መስመር፦ ሁለት አትሌቶች እኩል ርቀት ቢወረውሩ ደረጃቸው በምን ይለያል?

መላሽ፦ በሁለተኛ ምርጥ ውርወራቸው። እርሱም እኩል ከሆነ በሦስተኛው፣ እያለ ይቀጥላል። የቅርቡ ምሳሌ የ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ነው። ኦልማን በ69.50 ካሸነፈች በኋላ ፌንግ ቢንና ፔርኮቪች፣ በዚያ ጊዜ ኤልካሴቪች በሚለው ስሟ የተወዳደረችው፣ ሁለቱም 67.51 ላይ ቆሙ። ብሩን የወሰደችው ሁለተኛ ምርጥ ውርወራዋ የበለጠው ፌንግ ቢን ናት። ለዚህ ነው ሜዳሊያ ውስጥ ያለች አትሌት ምርጥ ውጤቷን ባታሻሽልም የቀሩትን ሙከራዎች በቸልታ መወርወር የሌለባት።

የክበቡ ዳር፦ የመጨረሻ ጥያቄ። አትሌቶች በሻምፒዮና የራሳቸውን ዲስከስ ይዘው መግባት ይችላሉ? ተፎካካሪስ ሊጠቀምበት ይችላል?

መላሽ፦ የራሳቸውን ማቅረብ ይችላሉ፣ ነገር ግን ከውድድሩ በፊት ተመዝኖ፣ ተለክቶና ምልክት ተደርጎበት ከሌሎቹ ጋር በመደርደሪያው ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ለተወዳዳሪዎች ሁሉ ክፍት ነው፣ ባለቤቷ አትንኩብኝ ማለት አትችልም።

የእሁድ ተመልካች፦ አሠልጣኝ፣ 76.80ውን የወረወረችው ማን ነበረች?

መላሽ፦ ከላይ ተጽፏል፤ ቦታውና ቀኑም አብሮ አለ።